ከናጋሳኪ ብልጭታ እስከ ባሕሩ ብርሃን



ከባሕር ወለል 1,000 ሜትር ያህል ወደ ታች ስንወርድ የፀሐይ ብርሃን ጨርሶ አይደርስም። ጨለማው ግን ባዶ አይደለም። በካሊፎርኒያ ዳርቻ ለዓመታት በካሜራ የተቀረጹ፣ በውኃው ውስጥ የሚዋኙና የሚንሳፈፉ እንስሳት ተቆጥረው ነበር። እ.ኤ.አ በ2017 የወጣው ውጤት እንዳሳየው ከአራቱ ሦስቱ ያህል የራሳቸውን ብርሃን የሚያመነጩ ናቸው። አንዳንዱ አዳኙን ለማደናገር፣ አንዳንዱ ምግቡን ለማጥመድ፣ ሌላው ደግሞ ተጓዳኙን ለመጥራት ያበራል።

ይህ ብርሃን እሳት የለውም። ፈረንሳዊው ራፋኤል ዱቧ በ1880ዎቹ ባደረገው ምርምር ሁለት ነገሮች ሲገናኙ እንደሚፈጠር አሳየ፤ ሉሲፈሪንና ሉሲፈሬዝ ብሎም ሰየማቸው። ሉሲፈሪን ምን ዓይነት ንጥረ ነገር እንደሆነ ለማወቅ ግን ንጹሑን ማግኘት ያስፈልግ ነበር። ያንን ያሳካው ማን እንደሆነ ስንመለከት ታሪኩ የሚጀምረው ከጦርነት ነው።

ነሐሴ 9 ቀን 1945 እ.ኤ.አ። ኦሳሙ ሺሞሙራ የ16 ዓመት ልጅ ነው። ትምህርቱ ተቋርጦ ከናጋሳኪ ወጣ ብላ በምትገኘው ኢሳሃያ በጦር አውሮፕላን ፋብሪካ እንዲሠራ ተደርጓል። ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ በመስኮቱ ኃይለኛ ብልጭታ ገባ። ለጥቂት ጊዜ ዓይኑ ማየት ተሳነው። ወደ ቤቱ ሲሄድ ጥቁር ዝናብ ወረደበትና ነጭ ሸሚዙ ግራጫ ሆነ። ቤት ሲደርስ አያቱ ወዲያው ገላውን አጠቡት።

ጦርነቱ ሲያበቃ ኦሳሙ የሚቀበለው ትምህርት ቤት አጣ። በመጨረሻ በቦምቡ የፈረሰው የናጋሳኪ ፋርማሲ ኮሌጅ ለጊዜው ወደ ሠፈሩ አካባቢ ስለተዛወረ እዚያ ገባ። ለፋርማሲ ፍቅር አልነበረውም፤ የተከፈተለት በር ግን እሱ ብቻ ነበር።

በ1955 ናጎያ ዩኒቨርሲቲ ወደሚገኘው ፕሮፌሰር ዮሺማሳ ሒራታ ዘንድ ሄደ። ሒራታ "ኡሚሆታሩ" የምትባለውን ብርሃን የምትረጭ ጥቃቅን የባሕር ፍጥረት ሰጠውና ሉሲፈሪኗን አጥርቶ ክሪስታል እንዲያደርግ ጠየቀው። በአሜሪካ ፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ያሉ ተመራማሪዎች ከ20 ዓመት በላይ ሞክረው አልተሳካላቸውም። ሒራታ ሥራውን ለዲግሪ ተማሪ ያልሰጠበት ምክንያትም ይኸው ነበር፤ ካልተሳካ ተማሪው ያለ ዲግሪ ይቀራልና። ኦሳሙ ደግሞ የዲግሪ ተማሪ አልነበረም። አሥር ወር ለፋ። አንድ ምሽት በቀረችው ጥቂት ናሙና ላይ አሲድ ጨምሮ ትቷት ሄደ። ጠዋት ሲመለስ ቀይ ክሪስታሎች ተፈጥረው አገኘ።

ይህ ሥራው በ1960 ፕሪንስተን አስጠራው። በቀጣዩ ዓመት ከፍራንክ ጆንሰን ጋር አሜሪካን አቋርጦ ፍራይደይ ሃርበር ደረሰና ጠርዟ አረንጓዴ የምታበራ ጄሊፊሽ ማጥመድ ጀመረ። ብርሃኗን ለማውጣት የሞከሩት ሁሉ ከሸፈ። አንድ ቀን የፈተነውን ናሙና ወደ ሲንክ ሲደፋው ሲንኩ በሰማያዊ ብርሃን ቦግ አለ። ሲንኩ ውስጥ የባሕር ውኃ ይፈስ ነበር። ምስጢሩ ውኃው ውስጥ ያለው ካልሲየም ነው! በዚያ በጋ 10,000 ያህል ጄሊፊሾች ተሰበሰቡ። ከእነሱም ኤኮሪን የተባለው ፕሮቲን ተገኘ፤ ከጎኑም በጥቂቱ አንድ አረንጓዴ አብሪ ፕሮቲን ነበረ።

ያ "ትርፍራፊ" ፕሮቲን ለ30 ዓመት ያህል ብዙም ትኩረት ሳያገኝ ቆየ። በ1992 ዳግላስ ፕራሸር ዘረመሉን ለይቶ አወጣ፤ ገንዘብ ሲያጥረውም ሥራውን ለማርቲን ቻልፊና ለሮጀር ቺየን አካፈለ። ዛሬ ተመራማሪዎች ይህን ፕሮቲን ከሕዋስ ጋር አያይዘው የነርቭ እድገትንና የካንሰር ስርጭትን በዓይናቸው ይከታተላሉ። በ2008 ሺሞሙራ፣ ቻልፊና ቺየን የኬሚስትሪ ኖቤል ሲሸለሙ ፕራሸር ከሳይንስ ርቆ በሹፍርና ይተዳደር ነበር። ሽልማቱ ለሦስት ሰው ብቻ ነው። ቻልፊና ቺየን ግን ባለውለታቸውን አልረሱም፤ ወጪውን ሸፍነው ወደ ስቶክሆልም ጋበዙት። በኋላም ቺየን ቤተ ሙከራው ውስጥ ሥራ ሰጠው።

ውድ ወጣቶች! በጦርነት ወይም በችግር ትምህርቱ የተቋረጠበት፣ የፈለገው ሳይሆን የተገኘው የትምህርት ክፍል የደረሰው ስንቱ ነው? ኦሳሙም እንዲሁ ነበር። አንድ ብልጭታ ዓይኑን አጨለመበት፤ ቀሪ ዕድሜውን ግን የማያቃጥለውን ብርሃን ሲመረምር ኖረ። በ2018 በ90 ዓመቱ ያረፈው እዚያው ናጋሳኪ ነው።