ርካሽና ትንሽ ኮምፒዩተር የመሥራት ጥበብ፦ የሲንክሌር ስፔክትረም ታሪክ

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር አፕሪል 23 ቀን 1982 ሲንክሌር ሪሰርች የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ ዜድ ኤክስ ስፔክትረም ብሎ የሰየመውን አዲስ ኮምፒዩተር ለገበያ አቀረበ። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው።) መሣሪያው ርዝመቱ 233፣ ወርዱ 144፣ ውፍረቱ 30 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ ተማሪ ከደብተሮቹ ጋር በቦርሳው ይዞት ሊሄድ የሚችል ነበር። 16 ኪሎባይት ሜሞሪ ያለው በ125 ፓውንድ፣ 48 ኪሎባይት ያለው በ175 ፓውንድ ይሸጥ ጀመር። በዚያው ዓመት የእንግሊዝ ትምህርት ቤቶች በብዛት የሚገዙት የቢ.ቢ.ሲ. ማይክሮ ኮምፒዩተር «ሞዴል ቢ» ዋጋው 399 ፓውንድ ነበር።

እርግጥ ነው፣ ሁለቱ መሣሪያዎች እኩል አልነበሩም። የቢ.ቢ.ሲ.ው ኮምፒዩተር እንደ ጽሕፈት መኪና ያለ ጠንካራ የፊደል ገበታና ልዩ ልዩ መሣሪያዎችን የሚቀበሉ ብዙ ማገናኛዎች ነበሩት። ይሁን እንጂ ሜሞሪው 32 ኪሎባይት ብቻ ሲሆን የትልቁ ስፔክትረም 48 ነበር፤ ለልጁ ኮምፒዩተር ለመግዛት ደመወዙን ለሚያሰላ አባት ደግሞ የ224 ፓውንድ ልዩነት የመግዛትና ያለመግዛት ጉዳይ ነው። ይህን ልዩነት የፈጠሩት ውሳኔዎች አንድ በአንድ ቢመረመሩ፣ አንዳንዶቹ እውነተኛ የምህንድስና ብልሃት፣ አንዳንዶቹም ወጪውን ከአምራቹ ትከሻ አውርዶ በገዢው ላይ መጫን እንደ ነበሩ ይታያል።

የኩባንያው ባለቤት ክላይቭ ሲንክሌር (1940–2021) ዩኒቨርሲቲ ሳይገባ በራሱ ጥረት የተማረ፣ ትንንሽ ሬዲዮዎችንና በ1972 የወጣውን የኪስ የሒሳብ መኪና በመሥራት የታወቀ ሰው ነበር። በ1980 ያወጣው ዜድ ኤክስ 80 የተባለው ኮምፒዩተር በክፍልፋዩ ለሚገዛ በ79.95፣ ተገጣጥሞ ለሚፈልግ በ99.95 ፓውንድ ይሸጥ ነበር። ሜሞሪው 1 ኪሎባይት ነው። ለቴሌቪዥኑ ሥዕል የሚያዘጋጀው ፕሮሴሰሩ ራሱ ስለሆነ፣ ሲያሰላ ሥዕሉ ይጠፋል፤ ቁልፍ በተነካ ቁጥርም ብልጭ ይላል። በእንዲህ ያለ መሣሪያ ላይ የሚንቀሳቀስ ጨዋታ መሥራት እጅግ አዳጋች ነበር። በ1981 የተከተለው ዜድ ኤክስ 81 በ69.95 ፓውንድ (በክፍልፋይ 49.95) ሲቀርብ፣ በቀድሞው ውስጥ የነበሩት 21 ቺፖች ወደ 4፣ በአንዳንዶቹም ወደ 5 ወርደው ነበር። ሥዕሉም ፕሮሴሰሩ ሲያሰላ እንዳይጠፋ ተደርጓል።

ቺፖቹን እንዲህ ለመቀነስ ያስቻለው ፌራንቲ የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ ይሠራው የነበረ ዩ.ኤል.ኤ. የሚባል ቺፕ ነው። አሠራሩን ለመረዳት አስቀድሞ ተሰፍቶ ቁልፉና ኪሱ ብቻ የቀረውን ልብስ ማሰብ ይጠቅማል። ፋብሪካው ትራንዚስተሮቹና ሬዚስተሮቹ የተደረደሩበትን ሲሊኮን በብዛት አምርቶ ያስቀምጣል፤ ክፍሎቹ ግን እርስ በርሳቸው አልተገናኙም። ደንበኛው የሚፈልገውን ሰርኪት ነድፎ ሲያመጣ የመጨረሻው የብረት ንጣፍ ብቻ በንድፉ መሠረት ይሠራለታል። ሙሉ ቺፕ ከመሠረቱ ለማሠራት የሚጠይቀው ወጪና ጊዜ በዚህ መንገድ በእጅጉ ይቀንሳል።

የስፔክትረምን ሰርኪት የነደፈው ሪቻርድ አልትዋሰር፣ የቤዚክ ፕሮግራሙን የጻፈው ስቲቭ ቪከርስ፣ ቅርጹን ያወጣው ሪክ ዲኪንሰን ነበሩ። አልትዋሰር ከዩ.ኤል.ኤ.ው ላይ የጫነው ሥራ ብዛት ዛሬም ያስገርማል። ይኸው አንድ ቺፕ ሥዕሉን ከሜሞሪ እያነበበ ለቴሌቪዥን ያዘጋጃል፣ የፊደል ገበታውን ያዳምጣል፣ ወደ ካሴት ይጽፋል፣ ከካሴትም ያነባል፣ ትንሿን ስፒከር ያንቀሳቅሳል፣ ለፕሮሴሰሩም የጊዜ ምት ይሰጣል። ፕሮሴሰሩ በሴኮንድ 3.5 ሚሊዮን ምት የሚሠራ ዜድ 80 ነበር።

ከዚህ ላይ አንድ ችግር ይነሣል። ሥዕሉ የሚቀመጠው በታችኛው 16 ኪሎባይት ውስጥ ሲሆን፣ ፕሮሴሰሩም ይህንኑ ቦታ ለፕሮግራሙ ይፈልገዋል። ሁለት ባለጉዳዮች በአንድ በር በአንድ ጊዜ ሊገቡ አይችሉም። ሀብት ያለው አምራች ለሥዕሉ የራሱን ሜሞሪ ይለይለት ነበር። አልትዋሰር የመረጠው መንገድ ቀላልና ጨካኝ ነው፤ ሁለቱ በተጋጩ ጊዜ ዩ.ኤል.ኤ.ው የፕሮሴሰሩን የጊዜ ምት ያቆምበታል። ቴሌቪዥኑ መጠበቅ አይችልም፣ ፕሮሴሰሩ ግን ይችላል። በመሆኑም በታችኛው 16 ኪሎባይት የተቀመጠ ፕሮግራም እየተገታ ሲሄድ፣ በላይኛው 32 ኪሎባይት የተቀመጠው ያለ እንቅፋት ይሮጣል። ጨዋታ የሚጽፉ ሰዎች ይህን ወዲያው ተረድተው ፍጥነት የሚጠይቀውን ክፍል ወደ ላይ ማውጣት ለመዱ። አነስተኛውን ሞዴል የገዛ ሰው ግን ላይኛው ክፍል ስለሌለው ሁልጊዜ በግጭቱ ውስጥ ይኖር ነበር።

የላይኛው 32 ኪሎባይት የተሠራበት ዘዴ ደግሞ ከሁሉም ይልቅ ሊታወስ የሚገባው ነው። በዚያን ጊዜ 64 ኪሎቢት የሚይዙ የሜሞሪ ቺፖች ገና ውድ ነበሩ። ከፋብሪካ ሲወጡም ብዙዎቹ አንዳንድ ቦታ ላይ ጉድለት ይገኝባቸዋል። ጉድለቱ በአንደኛው ግማሽ ብቻ ከሆነ ሌላው ግማሽ 32 ኪሎቢት ያለ ችግር ይሠራል። አምራቾቹ እነዚህን ለይተው በርካሽ ይሸጡ ስለነበር ሲንክሌር ገዛቸው። ስምንቱ ሲደረደሩ ልክ 32 ኪሎባይት ይሆናሉ። የሚያስፈልገው ስምንቱም የሚሠሩት በአንድ ወገን እንዲሆን መምረጥና፣ ደህናው ግማሽ የትኛው እንደሆነ ለሰርኪቱ የሚነግር አንድ አጭር ሽቦ በቦርዱ ላይ መበየድ ብቻ ነበር። ገዢው ግማሹ የተበላሸ ሜሞሪ እንደያዘ አያውቅም፤ ቢያውቅም የሚጎዳው ነገር የለም። ቁጠባ እንዲህ ሲሆን ድካሙን ሙሉ በሙሉ የሚሸከመው ነዳፊው ነው።

የቀለሙ ጉዳይ ከዚህ ይለያል። ስክሪኑ በወርድ 256፣ በቁመት 192 ነጥቦች ነበሩት። እያንዳንዱ ነጥብ ከስምንት ቀለማት አንዱን እንዲይዝ ቢፈለግ ለነጥቡ 3 ቢት፣ ለጠቅላላው ሥዕል 18,432 ባይት ያስፈልጋል፤ ይህም ከአነስተኛው ሞዴል መላ ሜሞሪ ይበልጣል። ስለዚህ ነጥቦቹ «በርቷል» ወይም «ጠፍቷል» ብቻ እንዲሉ ሆኖ 6,144 ባይት ተሰጣቸው። ቀለሙ ደግሞ ለብቻው፣ ስምንት ነጥብ በስምንት ነጥብ ለሆነ አንድ ካሬ አንድ ባይት ተመደበለት። በዚያ ባይት ውስጥ 3 ቢት ለጽሑፉ ቀለም፣ 3 ቢት ለመደቡ ቀለም፣ 1 ቢት ለድምቀት፣ 1 ቢት ለብልጭታ ይውላል። ካሬዎቹ 768 ስለሆኑ ሁሉም ነገር በ6,912 ባይት ተጠቃለለ። ለጽሑፍና ለሰንጠረዥ ይህ በቂ ነው። ነገር ግን ቀይ ሰው በአረንጓዴ ዛፍ አጠገብ ሲያልፍ አንድ ካሬ ከሁለት ቀለም በላይ ስለማይዝ፣ ወይ ሰውዬው አረንጓዴ ይሆናል ወይ ዛፉ ይቀላል። የጨዋታ ጸሐፊዎች ከዚህ ጋር ዓመታት ሙሉ ታገሉ። በ1984 የወጣው «ናይት ሎር» የተባለው ጨዋታ ትግሉን በመተው ድል አደረገው፤ እያንዳንዱን ክፍል በአንድ ቀለም ብቻ አሳይቶ፣ ያተረፈውን ኃይል ሁሉ ጥልቀት ያለው ሥዕል ለማሳየት አዋለው።

የቀሩትን ቁጠባዎች በአጭሩ ማለፍ ይቻላል። ስክሪኑ የቤተሰቡ ቴሌቪዥን፣ ማከማቻው የቤተሰቡ ቴፕ ሪከርደር ነበር፤ አንድ ትልቅ ጨዋታ ከካሴት ለመጫን አራት አምስት ደቂቃ ይፈጃል። የፊደል ገበታው 40 ቁልፎች ያሉት አንድ የጎማ ምንጣፍ ሲሆን፣ ከሥሩ መስመር የታተመባቸው ስስ ፕላስቲኮች ነበሩ። ጣት ሲያርፍበት የሚሰጠው ስሜት ደስ የሚያሰኝ አይደለም፤ ብዙ ለመጻፍም አይመችም። ይህ ቁጠባ የማን ነው ቢባል፣ የአምራቹ ነው፤ በየቀኑ የሚከፍለው ግን ተጠቃሚው ነው።

ከሁሉ የከፋው በጥራት ቁጥጥር ላይ የተደረገው ቁጠባ ነበር። የመጀመሪያዎቹ ቦርዶች ሲወጡ በዩ.ኤል.ኤ.ው ውስጥ የጊዜ ስሕተት ስለተገኘ፣ ሌላ ትንሽ ቺፕ በጀርባው ተገልብጦ፣ እግሮቹ ወደ ላይ ቆመው በሽቦ ተበየደ። ጠጋኞች «የሞተ በረሮ» ብለው የሰየሙት ይህ ነው። የታችኛው ሜሞሪ ቺፖች ሦስት ዓይነት ቮልቴጅ፣ ማለትም 5፣ 12 እና ኔጋቲቭ 5 ስለሚፈልጉ፣ በቦርዱ ላይ አንዲት ትንሽ መለወጫ ሰርኪት ነበረች። እርሷ ስትበላሽ ቺፖቹንም ይዛ ትሞታለች። በፖስታ ያዘዙ ብዙ ገዢዎችም ከተባለው ቀን በላይ ሲጠብቁ ቆይተዋል።

ሲንክሌር ራሱ መሣሪያውን ያሰበው ፕሮግራም መጻፍን ለሕዝብ ለማስተማር ነበር፤ ልጆቹ ግን ጨዋታ ፈለጉ። ሁለቱ ዓላማዎች ተቃራኒ ቢመስሉም በተግባር ተጋግዘዋል። መሣሪያው በተከፈተ ቁጥር በቅድሚያ የሚቀርበው ቤዚክ ስለሆነ፣ ጨዋታ የሚፈልግም ልጅ ቢያንስ አንድ ትእዛዝ መጻፍ ነበረበት። ከመጽሔት የተገለበጠ ፕሮግራም ሲሳሳት ስሕተቱን ፈልጎ ማረም የግድ ነበር። በ1983 «ማኒክ ማይነር»ን የጻፈው ማቲው ስሚዝ ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ላይ የነበረ ወጣት ነው። በዚያ ጨዋታ ሙዚቃው ሳይቋረጥ ሰውዬው ይዘላል። ስፒከሯን በየቅጽበቱ የሚገፋትና የሚመልሳት ፕሮሴሰሩ ራሱ ስለሆነ፣ ጊዜውን ለሥዕልና ለድምፅ ቆራርሶ ማካፈል ግድ ነበር። በዚያው ዓመት ዋጋው ወደ 99.95 እና ወደ 129.95 ፓውንድ ዝቅ አለ።

ስፔክትረም የሚገጣጠመው በስኮትላንድ፣ በዳንዲ ከተማ፣ በታይመክስ ፋብሪካ ነበር። በፋብሪካው ከሠሩት አንዱ ዴቪድ ጆንስ፣ ዲ.ኤም.ኤ. ዲዛይን የተባለውን ድርጅት በዚያችው ከተማ አቋቋመ። ድርጅቱ በ1991 «ሌሚንግስ»ን፣ በ1997 «ግራንድ ቴፍት አውቶ»ን አወጣ። ፋብሪካው ራሱ ከመራራ የሥራ ማቆም በኋላ በ1993 ተዘጋ። ሲንክሌርም በ1984 ለንግድ ሥራ ያወጣው ኪው.ኤል. የተባለው ኮምፒዩተር ስላልተሳካለት፣ በአፕሪል 1986 የኮምፒዩተር ሥራውንና ስሙን በ5 ሚሊዮን ፓውንድ ለአምስትራድ ሸጠ። አልትዋሰርና ቪከርስ ደግሞ ከብዙ ጊዜ በፊት፣ በ1982 ዓመተ ምሕረት ውስጥ፣ ለቀው የራሳቸውን ኩባንያ መሥርተው ነበር።

ይሁንና መሣሪያው ከባለቤቶቹ በላይ ዕድሜ ነበረው። በሶቪየት ኅብረትና በምሥራቅ አውሮፓ አገሮች ይህን ኮምፒዩተር ለመሥራት የፈለጉ መሐንዲሶች ዜድ 80ን ወይም ግልባጩን ማግኘት ይችሉ ነበር፤ የፌራንቲ ዩ.ኤል.ኤ. ግን በእጃቸው አልነበረም። ስለዚህ የአንዱን ቺፕ ሥራ በገበያ በሚገኙ በርካታ ተራ የሎጂክ ቺፖች መልሰው ገነቡት። «ሌኒንግራድ»ና «ፔንታጎን» የተባሉት ሞዴሎች በዚህ መንገድ የተሠሩ ናቸው። የፔንታጎን ነዳፊዎች ሥዕሉና ፕሮሴሰሩ የማይጋጩበትን ሰርኪት ስለሠሩ፣ የፕሮሴሰሩን ምት ማቆም አላስፈለጋቸውም።

በምህንድስና ሚዛን ሲታይ ይህ ከዋናው የተሻለ ነበር። ችግሩ የታየው የምዕራቡ ጨዋታዎች ሲጫኑበት ነው። ብልሃተኞቹ ጸሐፊዎች ቀለሙን በሥዕሉ መካከል ለመለወጥ ሲሉ እያንዳንዱን ምት ቆጥረው፣ የሚቆምበትን ጊዜ ጭምር አስልተው ጽፈዋቸው ነበር። በዋናው 48 ኪሎባይት ስፔክትረም አንድ ሥዕል 69,888 ምት ሲወስድ፣ በፔንታጎን 71,680 ይወስዳል፤ ቀለሙም ካለ ቦታው ያርፋል። በ2017 የሕዝብ መዋጮ ተጠይቆለት በ2020 ለገዢዎች የደረሰው፣ መያዣውን ሪክ ዲኪንሰን ከመሞቱ በፊት የነደፈለት ስፔክትረም ኔክስት፣ ፍጥነቱ ከዋናው እስከ ስምንት እጥፍ ሊደርስ የሚችል ነው። የድሮዎቹን ጨዋታዎች ሲያጫውት ግን በ3.5 ሚሊዮን ምት ይሄዳል፤ አልትዋሰር ለቁጠባ ሲል ፕሮሴሰሩን በሚያቆምበት በዚያው ቅጽበትም ሆን ብሎ ይቆማል።