የአውሮፕላን አካል መከታተያ ሴንሰሮች ዕድሜ

የአውሮፕላን አካል መከታተያ ሴንሰር በክንፍ፣ በወገብ ወይም በጅራት ላይ በቋሚነት ተለጥፎ ስንጥቅንና የንብርብር መላቀቅን የሚያዳምጥ መሣሪያ ነው። ከበረራ መለኪያዎች ጋር መምታታት የለበትም፦ መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ቢሾፍቱ አቅራቢያ 157 ሰዎችን ይዞ በወደቀው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 737 ማክስ ላይ የተሳሳተ መረጃ የሰጠው ሴንሰር የሚለካው አውሮፕላኑ ከነፋሱ ጋር የሚሠራውን ማዕዘን ነበር።

መሣሪያውን ቶሎ የሚያስረጀው የሙቀትና የቅዝቃዜ መፈራረቅ ነው። ቆቦ ሜዳ ላይ ሙቀቱ ከ30 ዲግሪ ባለፈበት ቀትር፣ ከዚያው ከራያ ሰማይ 12,000 ሜትር ገደማ ላይ አየሩ ከዜሮ በታች 50 ዲግሪ አካባቢ ነው። አሉሚኒየም፣ ካርቦን ፋይበርና የሴንሰሩ ሴራሚክ እኩል አይለጠጡም፣ እኩልም አይኮማተሩም፤ የልዩነቱን ጫና የሚሸከመው በመካከላቸው ያለው ሙጫ ነው። እርጥበት፣ የሃይድሮሊክ ዘይትና ንዝረት ሲጨመሩበት ብዙ ጊዜ ከሴንሰሩ ቀድሞ የሚለቀው እሱ ነው። የኦፕቲክ ፋይበር ሴንሰር የኤሌክትሪክ ሁከት አይነካውም፤ ነገር ግን ከአካሉ በሚወጣበት ጫፍ በቀላሉ ይሰበራል።

ዝም ያለ ሴንሰር ደህንነትን እየመሰከረ ይሁን ሞቶ ይሁን መለየት ያስፈልጋል። በፓይዞኤሌክትሪክ ሴንሰር (ሲጫኑት ኤሌክትሪክ በሚያመነጨው የሴራሚክ ሴንሰር) ይህ የሚታወቀው ኤሌክትሪክ የመያዝ አቅሙን በመለካት ነው፦ ሲሰበር አቅሙ ይቀንሳል፣ ከሙጫው ሲላቀቅ ይጨምራል።

የክትትሉን አስፈላጊነት ካሳዩት አደጋዎች አንዱ የደረሰው እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 28 ቀን 1988 ሃዋይ ላይ ነው። 89,680 ጊዜ ተነሥቶ ያረፈ የአሎሃ አየር መንገድ ቦይንግ 737 ጣራው በአየር ላይ ተገንጥሎ አንዲት አስተናጋጅ ሞተች። ያ አውሮፕላን አሉሚኒየም ነበር። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከአፍሪካ ቀድሞ በነሐሴ 2004 ዓ.ም. የተረከበው ቦይንግ 787 ግን ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ድርብርብ ካርቦን ፋይበርን የመሰለ ቁስ ነው፤ ይህ ቁስ ሲጎዳ ላዩ ደህና መስሎ ውስጡ ሊላቀቅ ይችላል። በንብርብሩ መካከል የተቀበረ ሴንሰር ከሞተ ደግሞ አውጥቶ መተካት አይቻልምና ከአውሮፕላኑ እኩል መኖር ይጠበቅበታል።