«የጀርመን አይሮፕላን» የምትባለው ብረት

ከጦር ሜዳ ለመጣ ብረት ስም የሚያወጣለት ቤተሰብ ነው። አሰላ፣ አንድ የባች ጓደኛችን ቤት፣ መዳፍ የምታክል የአይሮፕላን ቁራጭ «የጀርመን ናት» እየተባለች ኖራለች። አካኮ፣ ማለትም አያቱ፣ በ1928 ዓ.ም. ከማይጨው ሲመለሱ ይዘዋት መጡ ይባላል። የዛሬዎቹ ልጆች ግን «ጀርመን ማይጨው ምን ሊሠራ? ታሪኩ ሁሉ ተረት ነው» ማለት ጀመሩ። ጓደኛችን ለመሰባሰባችን ስንዘጋጅ «አንተ ታሪክ ተምረህ የለ? በል ፍረድ» አለኝ።

እንዲህ በቀላሉ የሚፈረድ አይደለም፤ የጀርመን አይሮፕላን በአገራችን ነበራ! ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. የመጀመሪያው አይሮፕላን፣ ፈረንሳይ ሠራሹ ፖቴዝ 25፣ አዲስ አበባ አረፈ። በዚያው ወር መጨረሻ ጀርመን ሠራሹ ዩንከርስ ተከተለው። እ.ኤ.አ. በ1935 ደግሞ የንጉሠ ነገሥቱ አብራሪ የነበረው ጀርመናዊው ሉድቪግ ዌበር ከኢትዮጵያውያን ጋር ሆኖ እዚሁ አገር አንዲት ትንሽ አይሮፕላን ሠራ። በልዕልት ፀሐይ ስም «ፀሐይ» ተባለች። ጣሊያን አገሩን ሲይዝ እሷንም የድል ማስታወሻ አድርጎ ወሰዳት። የተመለሰችው በጥር 2016 ዓ.ም. ነው።

ይባስ ብሎ፣ በጀርመን አይሮፕላን ጣሊያንን የደበደበም አለ። የደቡብ አፍሪካ አየር ኃይል ከጦርነቱ በፊት መንገደኛ ያመላልሱ የነበሩትን ዩንከርስ 86 አይሮፕላኖች ቦምብ ጣይ አደረጋቸው። ጣሊያን ጦርነቱን በተቀላቀለች በቀናት ውስጥ፣ በሰኔ 1932 ዓ.ም.፣ ሞያሌን በነሱ መታ። ሞተራቸው ደግሞ አሜሪካ ሠራሽ ነበር። ስለዚህ «የጀርመን ነው» ማለት ብቻውን የማን ወገን እንደነበረ አይነግረንም።

ወደ ቁራጯ እንምጣ። መጀመሪያ ከአሮጌ ድምፅ ማጉያ የወጣ ማግኔት አስጠጋሁባት፤ አልያዘም። ስለዚህ የብረት ቆርቆሮ አይደለችም፤ አሉሚኒየም ሳትሆን አትቀርም። ቀጥሎ ገጿን አየሁ። በ1921 የመጣው ዩንከርስ ገላው እንደ ቤት ቆርቆሮ ሸንተረር ያለው ነበር። ይቺ ግን ልሙጥ ናት። ልሙጥነት ብቻውን ግን አይበቃም፤ የዩንከርስ 86 ገላም ልሙጥ ነበር።

የፈረደው በሪቬት የተመታባት ትንሽ ሰሌዳ ነው። በሳሙናና በለስላሳ ጨርቅ ቀስ ብለን ስናጸዳው «ኤም ኤም» የሚሉ ሁለት ፊደላት ከነቁጥራቸው ብቅ አሉ። የጣሊያን ወታደራዊ አይሮፕላኖች መለያ ቁጥር የሚጀምረው በነዚህ ፊደላት ነው። ከጎኑ በሮማ ቁጥር 13 ተጽፏል። ፋሺስቶች ዘመን የሚቆጥሩት ሥልጣን ከያዙበት ከጥቅምት 1922 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ስለነበር፣ 13ኛው ዓመት ከጥቅምት 1934 እስከ ጥቅምት 1935 ያለው ነው። የወረራው ዋዜማ ማለት ነው!

ውጤቱን ስናገር የጓደኛችን አክስት ሳቅ አሉ። «አባቴ መቼ ጀርመን አለ? የጣሊያን ነው ነበር የሚለው። ጀርመን ያላት በደርግ ጊዜ ቤት መጥቶ ያያት እንግዳ ነው። የተማረ ሰው ስለሆነ ዝም አልነው።» በዚያች ቀን ለልጆቹ ተረት የነበረው የአካኮ ዘመቻ እንደገና ታሪክ ሆነ። የተፋቀው የእንግዳው ግምት ነው እንጂ የሽማግሌው ቃል አይደለም።

እናንተም ቤት እንዲህ ያለ ነገር ካለ ለቁራሌው ከመስጠታችሁ በፊት ጥቂት ነገር አድርጉ። በብርጭቆ ወረቀት አትፈግፍጉት፤ ቀለሙም ፊደሉም ማስረጃ ነው። አጠገቡ ማስመሪያ አድርጋችሁ ከፊትም ከኋላም ፎቶ አንሡት። ከሁሉ በፊት ግን ማን እንዳመጣው፣ ከየት እንዳመጣው፣ ምን ብሎ እንደሰጠ ቤት ያሉትን ትልልቅ ሰዎች ጠይቃችሁ፣ በራሳቸው አነጋገር ጻፉት። ብረቱ ይጠብቃችኋል፤ እሳቸውን ግን ዛሬውኑ ጠይቋቸው።