ከዛግሬብ እስከ ቦሌ፤ ስለ አየር ትራፊክ ተቆጣጣሪው

በአገራችን የአቪዬሽን ታሪክ በተነሣ ቁጥር የሚወሳው አውሮፕላኑና አብራሪው ነው። ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. ፈረንሳዊው አብራሪ ማዬ ፖቴዝ 25 አውሮፕላኑን ይዞ አዲስ አበባ ማረፉን፣ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ የመጀመሪያ መደበኛ በረራ በአሥመራ አድርጎ ወደ ካይሮ መነሣቱን ብዙዎቻችን ሰምተናል። ኧረ ለመሆኑ ያንን ሁሉ አውሮፕላን «አንተ ቆይ፣ አንተ ግባ» የሚለው ማነው? የእሱ ስም እምብዛም አይነሣም፤ ቢነሣም አደጋ የደረሰ ዕለት ነው።

እኛ የእዣ ልጆች አገና ላይ ከእንሰቱ ጓሮ ቀና ብለን ያንን ነጭ መስመር ስንከተል ሰማዩ ወሰን የሌለው ይመስለን ነበር። ሰማዩ ግን እንደ ምድሩ መንገድ አለው፤ ያውም ጠባብ መንገድ። ከላይ ወደ ታች ሁለት አውሮፕላኖችን በብዙ ቦታ የሚለያቸው 1,000 ጫማ፣ ማለትም 300 ሜትር ያህል ነው። ፊት ለፊት የሚመጡ ሁለት ጀቶች እያንዳንዳቸው በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር ቢበሩ በመካከላቸው ያለውን 30 ኪሎ ሜትር በአንድ ደቂቃ ይጨርሱታል። ከአገና ወልቂጤ በመኪና ስንት ጊዜ እንደሚፈጅብን የምናውቅ ሰዎች ይህችን አንድ ደቂቃ እናስባት።

እንግዲህ ተቆጣጣሪው ይህን ሁሉ በአእምሮው መሸከም አለበት። የትኛው እየወጣ ነው፣ የትኛው እየወረደ፣ ማን መልስ አልሰጠም? አምስት ሲሆኑ ይቻላል፤ አሥር ሲሆኑ ያልባል። በመካከሉ ስልክ ይጮሃል።

ለዚህ ከዛግሬብ የተሻለ ምስክር የለም። እ.ኤ.አ. መስከረም 10 ቀን 1976 ከለንደን ወደ ኢስታንቡል የሚሄድ የብሪቲሽ ኤርዌይስ ትራይደንትና ከስፕሊት ወደ ኮሎኝ የሚወጣ የኢኔክስ አድሪያ ዲሲ 9 ዛግሬብ አጠገብ ሰማይ ላይ ተጋጩ፤ 176 ሰው አለቀ፤ አንድም የተረፈ የለም። የላይኛውን ክፍል የያዘው ግራዲሚር ታሲች ነበር። ባልደረባው ተተኪ ፍለጋ ተነሥቶ ሄዶ ስለነበር የሁለት ሰው ሥራ ብቻውን ላይ ወደቀ፤ በክልሉ ውስጥ 11 አውሮፕላን ነበር። አደጋውን ሲያይ ደንግጦ ለዲሲ 9ኙ በእንግሊዝኛ ሳይሆን በአገሩ ቋንቋ «ባለህበት ቁም» አለው። አብራሪው ታዘዘ፤ ቀጥ ያለበት ከፍታ ግን ትራይደንቱ የሚበርበት ሆነና አረፈው! የእንግሊዙ አብራሪ ቋንቋውን ቢያውቅ ኖሮ ምናልባት ይጠነቀቅ ነበር።

ፍርድ ቤት ከቀረቡት ስምንት ሰዎች ጥፋተኛ የተባለው ታሲች ብቻ ነው፤ 7 ዓመት ተፈረደበት። የሙያ ጓደኞቹ ፊርማ አሰባስበው ጮኹና በ1978 ተፈታ። ወንበሩን ባዶ የተወው አሠራር ግን አልታሰረም። ከ26 ዓመት በኋላ፣ በሐምሌ 2002፣ ዩበርሊንገን ላይ አሁንም አንድ ተቆጣጣሪ ብቻውን ሁለት የሥራ ቦታ ይዞ 71 ሰው አለቀ።

ወደ ቤታችን እንመለስ። ቦሌ የአህጉር መገናኛ ነው፤ ከምዕራብ አፍሪካውም ከእስያውም አውሮፕላኑ በአንድ ሰዓት ይጎርፋል፣ ተሳፋሪ ተለዋውጦ ደግሞ በአንድ ሰዓት ይነሣል። በሰሜን እንጦጦ ቆሟል። ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነ አየሩ ስስ ነው፤ አውሮፕላኑ ሲያርፍም ሲነሣም ከቆላው ይልቅ ይፈጥናል። ስለዚህ የተቆጣጣሪው ጭንቀት ቀኑን ሙሉ እኩል አይደለም፤ እንደ ገበያ ቀን ሰዓት ጠብቆ ይፈላል።

ነሐሴ 21 ቀን 2010 ዓ.ም. እነዚህ ሰዎች በደመወዝ ጥያቄ ሥራ አቆሙ። መንግሥት ጡረተኞችንና የውጭ አገር ባለሙያዎችን ቦታው ላይ ተካ፤ የኬንያ ተቆጣጣሪዎች ማኅበር ደኅንነቱ ያሰጋል ብሎ አስጠነቀቀ፤ አየር መንገዱ ደግሞ በረራው ሰላም ነው አለ። በመስከረም 2011 ዓ.ም. መባቻ ዘጠኝ ተቆጣጣሪዎች ታሰሩ። አድማው ሕጋዊ ነበር አልነበረም የሚለውን ለሕግ ተማሪዎች እተዋለሁ። በበኩሌ ግን የብዙ መቶ ሰው ሕይወት በድምፁ የሚንጠለጠልን ሠራተኛ በካቴና ማስፈራራት እጁን ያረጋጋዋል ብዬ አላምንም፤ የታሲች ነገር ይታወሰኛል።

አንዳንዴ ደግሞ የሚተኛው ሰማይ ላይ ያለው ነው። ነሐሴ 9 ቀን 2014 ዓ.ም. ከካርቱም የመጣው የአየር መንገዳችን አውሮፕላን በ37,000 ጫማ ቦሌን አልፎ ሄደ፤ ተቆጣጣሪዎቹ ቢጠሩ ቢጠሩ መልስ የለም። አብራሪዎቹን የቀሰቀሳቸው የኮክፒቱ ማንቂያ ነው ተባለ፤ ዞረው በደኅና አረፉ።

ጎረቤቱም አላረፈም። ሞቃዲሾና ሐርጌሳ በሰማዩ ሥልጣን ሲጣሉ በ2016 ዓ.ም. አብራሪዎች በሬዲዮ ከሁለት አፍ ትእዛዝ ይሰሙ ጀመር። በዚያው ዓመት መጋቢት 15 ቀን የኢትዮጵያና የኳታር አየር መንገድ አውሮፕላኖች በዚያ ሰማይ ላይ ተቀራረቡ፤ ያዳናቸው አውሮፕላኑ ውስጥ ያለው የግጭት ማስጠንቀቂያ መሣሪያ ነው። የሶማሌላንድ ባለሥልጣናት ጥፋቱን በሞቃዲሾ ላይ ጣሉ።

በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦርነት ሲነሣ የዚያ አገር ሰማይ ተዘጋ። በካርቱም በኩል ያልፍ የነበረው በረራ የትም አልጠፋም፤ ከፊሉ ወደ እኛ ዞረ። ማታ ማታ ከአገና በላይ ብልጭ እያሉ ከሚያልፉት መብራቶች መካከል አንዳንዱ ከዚህ በፊት የእኛን ተቆጣጣሪ ድምፅ ሰምቶ የማያውቅ እንግዳ ሊሆን ይችላል።