አሥር ሳንቲሙ ላይ ያለው አጋዘን

ውድ የባዮሎጂ ልጆች፣ በተለይ አራት ኪሎ ሳንቲም አዋጥተን ሻይ የጠጣን፣ ያቺን አሥር ሳንቲም ታስታውሷታላችሁ? በአንድ በኩል አንበሳ፣ በሌላው ቀንዱ የተጠማዘዘ እንስሳ። ስንት ዓመት በኪሳችን ይዘነው ስንዞር ማንነቱን የጠየቀ ከመካከላችን አልነበረም። የደጋ አጋዘን ነው። ከኢትዮጵያ ደጋ በቀር የትም አይገኝም። ለመገናኛችን መጽሐፍ የታሪክ ጽሑፍ እንዳመጣ ስታዘዝ መጀመሪያ ትዝ ያለኝ እሱ ነው።

ሳይንስ ያወቀው ዘግይቶ ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። በ1908 አይቮር በክስተን የተባለ እንግሊዛዊ መኮንን ለአደን መጥቶ ገደለው፤ በ1910 ሪቻርድ ሊዴከር ለንደን ላይ ስም ሰጠው። የአገሬው ሰው መቼም ከጥንት ጀምሮ ያውቀዋል። ከዚያ በኋላ ግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል ተከታትሎ ያጠናው ሰው አልነበረም ማለት ይቻላል።

የቀየረው ሌስሊ ብራውን ነው። ኬንያ ውስጥ የግብርና ባለሙያ ነበር፤ ስሙ የታወቀው ግን በንስር ጥናት ነው። በ1960ዎቹ መጀመሪያ አጋዘኑን ፍለጋ ደጋውን ዞረ፤ በ1965 «ኢትዮጵያን ኤፒሶድ» የተባለ መጽሐፍ አወጣ። ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ሳገኘው ፈተና ደርሶብኝ ነበር፤ ፈተናውን ትቼ እሱን አነበብኩ። የጉዞ መጽሐፍ ነው፣ ዝናቡም ድካሙም አለበት፤ ግን እያዝናና የእንስሳውን ኑሮ ያስተምራል። ባሌ እንዲጠበቅ ከወተወቱት ሰዎች አንዱም እሱ ነው። በሰሜን ተራሮችም ተመሳሳይ ነገር ሆኗል፤ ከ1967 እስከ 1969 ፓርኩን ያቋቋመው ክላይቭ ኒኮል በኋላ ያየውን መጽሐፍ አደረገው። በ1966 የተመሠረተው የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበርም «ዋልያ» የሚባል መጽሔት ነበረው፤ ስለ ባሌ ፓርክ የተጻፈ ጥሩ ጽሑፍ ያነበብኩት እዚያ ላይ ነው።

እንግዲህ ተጓዥም ተመራማሪም ተራኪም የሆኑ ሰዎች ባይኖሩ ባሌን ዓለም አያውቀውም ነበር። ይሁን እንጂ ትረካው ሁሉ የሄደው ወደ ውጭ ነው። የባሌ ፓርክ ራሱ በሕግ የታወጀው በ2014 ነው፤ የዓለም ቅርስ የሆነው በ2023።

የዝምታው ዋጋ በቀይ ቀበሮው ላይ ታየ። በ1980ዎቹ መጨረሻ ክላውዲዮ ሲዬሮ-ዙቢሪ የሚባል አርጀንቲናዊ ከ4,000 ሜትር በላይ ባለው በሳነቴ ብርድ ቀበሮዎቹን በእግርና በፈረስ ይከታተል ጀመር። በ1991 የእብድ ውሻ በሽታ ገባና የሚያውቃቸው መንጋዎች ውስጥ የነበሩት አብዛኞቹ አለቁ። በሽታው የመጣው ከእረኛ ውሻ ነው። ስለዚህ መድኃኒቱ ያለው ተራራው ላይ አይደለም፣ ሰው ደጃፍ ላይ ነው፤ ውሻ መከተብ። በ1995 የቀበሮ ጥበቃ ፕሮግራም ተቋቋመና ክትባቱ ተያያዘ። በመላው አገሪቱ የቀሩት 500 ገደማ ስለሆኑ ይህ ትንሽ ሥራ አይደለም። ግን እረኛ ውሻውን ይዞ የሚመጣው ለምን እንደሆነ ሲገባው ነው።

ይህን ስጽፍ ራሴን እየወቀስኩ ነው። የሁለተኛ ዲግሪ ጥናቴን በሳነቴ ፍልፈል ላይ ሠራሁ፤ ግዙፉ የባሌ ፍልፈል፣ ክብደቱ አንድ ኪሎ የሚጠጋ፣ የቀበሮው ዋና ቀለብ። ፈረስ የሚመራልኝ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። ቀበሮውን «ጀዳላ ፈርዳ» ይሉታል፣ የፈረስ ቀበሮ ማለት ነው፤ የምትወልድ ፈረስ ተከትሎ የእንግዴ ልጁን ስለሚበላ። ይህን ከሳቸው ሰምቼ በኋላ መጻሕፍት ላይ አገኘሁት። ስለያቸው «ምን አገኘህ?» አሉኝ። «ገና ነው፣ ሲጨረስ እነግርዎታለሁ» አልኩ። ተጨረሰ፤ በእንግሊዝኛ ተጻፈ፣ ተጠረዘ፣ መደርደሪያ ላይ ወጣ። እኔም ዝም አልኩ።

ከስምንት ዓመት በኋላ ለሌላ ሥራ ዲንሾ ስሄድ ቤታቸው ገባሁ። አፈር እያለኩ፣ ፍልፈል ቆጥሬ ያገኘሁትን በአማርኛና በተሰባበረ ኦሮምኛዬ አስረዳኋቸው፤ ፍልፈሉ ካለ ቀበሮው አለ ብዬ። ሳቁ። «ይኼን ለማወቅ ነው ሁለት ክረምት የተንዘፈዘፍከው? ብትጠይቀኝ ነግሬህ አልነበር እንዴ!» አሉ። እንዴት እንዳፈርኩ።

ከዚያ ዝም ብለው ቆዩና፦ «ይልቅ አንድ ነገር ንገረኝ። ውሻዬ ደህና ነው፣ አላበደም። ለምን ይወጋል?»

ይህን ማንም አስረድቷቸው አያውቅም። በሽታው ገና ሳይታይ እንደሚተላለፍ፣ የተከተበ ውሻ እሳቸውንም ልጆቻቸውንም እንደሚጠብቅ፣ ከዚያም ቀበሮውን፤ እስኪመሽ አወራን። ጥያቄያቸው ከመመረቂያ ፈተናዬ ይከብድ ነበር። ሲሸኙኝ ደጃፉ ላይ የተኛውን ውሻ በከዘራቸው ነካ አደረጉና ከታቢዎቹ በየትኛው ቀን እንደሚመጡ ጠየቁኝ።