ስለ «የስም ክልል»ና ስለ «ስም ውሰት»

በጋምቤላ ክልል፣ በአኝዋክ ዞን፣ በጎግ ወረዳ በምትገኘው በፑኝዶ ከተማ «ኡሞድ!» ብሎ የሚጣራ ሰው በቤቱ ውስጥ ከሆነ የሚፈልገው ልጅ ይመልስለታል፤ በገበያ መካከል ከሆነ ግን ከአንድ በላይ ሰው ዞር ሊል ይችላል። ስለዚህ ከደጅ ውጭ የአባት ስም ይጨመራል። ክልሉን በተለያየ ጊዜ በፕሬዚዳንትነት የመሩት አቶ ኡሞድ ኦባንግና አቶ ኡሞድ ኡጁሉ የሚለዩትም በዚሁ ነው። በኮምፒዩተር ቋንቋዎች «ኔምስፔስ» የተባለውን፣ እኛ «የስም ክልል» የምንለውን ሥርዐት ያስገኘው ችግርም ከዚህ የተለየ አይደለም። ልዩነቱ በቅደም ተከተል ነው፤ በዚያ ክልሉ ይቀድማል፣ ስሙ ይከተላል።

እ.ኤ.አ. በ1995 ራስመስ ሌርዶርፍ ለሕዝብ ባቀረበው በፒ.ኤች.ፒ. የስክሪፕት ቋንቋ፣ የተግባሮች (የፈንክሽኖች) ስም ለብዙ ዓመታት በአንድ የጋራ መዝገብ ውስጥ ይሰፍር ነበር። ሁለት ጸሐፊዎች ለየተግባራቸው አንድ ዐይነት ስም አውጥተው ሥራቸው በአንድ ፕሮግራም ቢገናኝ ፕሮግራሙ ይቆማል። ይህን ለማስወገድ በየስሙ መነሻ ላይ የሥራውን አሕጽሮት መቀጠል ልማድ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው 5.3ኛው እትም የስም ክልልን አስገኘ፤ ይሁን እንጂ ክላሶች በአጭር ስማቸው እንዲጠሩ ሲፈቀድ፣ ከሌላ ክልል የሚጠራ ተግባር ግን የክልሉን ስም ማስቀደም ግድ ነበረበት። ይህ ጉድለት የተሟላው እ.ኤ.አ. በ2014፣ በ5.6ኛው እትም «ዩዝ ፈንክሽን» የሚለው ትእዛዝ ሲጨመር ነው።

እንግሊዝኛው ይህን ድርጊት በንግድ በሚሠራበት ቃል «ኢምፖርት» ስለሚለው፣ ተርጓሚ «ማስመጣት» ቢል አይፈረድበትም። ነገር ግን አስመጪ ነጋዴ ዕቃውን ከነአካሉ ያመጣል፤ ይህ ትእዛዝ የሚያመጣው ስሙን ብቻ ነው። ተግባሩ የተጻፈበት ፋይል በሌላ ትእዛዝ ካልተጫነ ፕሮግራሙ ስሙን ይዞ ባለስሙን ያጣል። «ማስመጣት» የሚለውን ያነበበ ተማሪም ዕቃው መጥቷል ብሎ ስለሚያምን ስሕተቱን በሌለበት ቦታ ሲፈልግ ይውላል። እንግዲህ የስያሜ ጉድለት የአነጋገር ውበት ጉዳይ ብቻ እንዳልሆነ ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ስለሆነም «ስም ውሰት» የሚለውን ስያሜ እናቀርባለን። አንድ ቋንቋ ቃል ሲዋስ ቃሉ ከአዋሹ ቋንቋ አይጠፋም፤ እዚህም ተግባሩ ከክልሉ ሳይነቃነቅ ስሙ ብቻ በሌላ ስፍራ ይሠራበታል። የተዋሰው ስም ከነባር ስም ጋር የተጋጨ እንደሆነ «አዝ» በሚለው ቃል ሌላ መጠሪያ ይወጣለታል፤ ለዚህ «ተለዋጭ ስም» ይበቃል።

«ውሰት» በቋንቋ ጥናት የተያዘ ቃል ነው የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። እኛ ግን ይህ የሚያሰጋ አይመስለንም። አንድ ቃል በሁለት ሙያ ቢያገለግል «የቃል ውሰት»ና «ስም ውሰት» ተብሎ ይለያል፤ ሁለቱን ኡሞዶች የሚለያቸው የአባታቸው ስም እንደ ሆነ ሁሉ።