ባሕር ተሻግሮ የመጣ ዛፍ፦ አንድ የመስከረም ማለዳ በእንጦጦ ፓርክ

በዳማድ ሜዳ ከፍየሉ ጋር የምትውሉ፣ በመዝረዓው ማሽላና ማንጎ የምታጠጡ፣ በግንባታው ብሎኬት የምታቀብሉ ወንድሞች፤ በየሰው ቤት የምትሠሩ እህቶችም፣ ሙቀቱ እንዴት ይዟችኋል? እኔ ደህና ነኝ። ባለፈው መስከረም ከአራት ዓመት በኋላ አገር ቤት ገብቼ መመለሴን ብዙዎቻችሁ ታውቃላችሁ። ከተመለስኩ ወዲህ ያገኘኝ ሁሉ «አገር እንዴት ነው? ምን አየህ?» ይለኛል። «ፓርክ አየሁ» ስል ደግሞ ይስቃል። «ይሄን ሁሉ ብር ከፍለህ ሄደህ ዛፍ አይተህ መጣህ?» ያለኝም አለ። አዎ፣ ዛፍ አይቼ መጣሁ። ግን የዛፉ ታሪክ ከእኛ ታሪክ ጋር የተያያዘ ሆኖ ስላገኘሁት ይችን ጽሑፍ ለናንተ ማድረስ ፈለግሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከጅዳ የተነሳው አውሮፕላን ቦሌ ያደረሰኝ ሊነጋጋ ሲል ነው። የደሴ አውቶቡስ ደግሞ ሌሊት ነው የሚነሳው፤ ስለዚህ ሙሉ ቀን በእጄ ቀረ። ሻንጣዬን ሽሮ ሜዳ አጎቴ ልጅ ቤት አስቀመጥኩና «ተኛ፣ ዕረፍ» ሲሉኝ እምቢ አልኩ። እንቅልፍ ከየት ይመጣል? አራት ዓመት ሙሉ የናፈቅኩት ብርድ በር ላይ ቆሟል! በዳማድ ሸሚዝ ወጣሁ፣ የአጎቴ ልጅ ከኋላዬ እየሮጠ ጋቢ አለበሰኝ፣ በታክሲ ወደ እንጦጦ ወጣሁ።

እናንተ እዚህ የምታነቡት፣ የመስከረምን ማለዳ ላስታውሳችሁ። ክረምቱ ወጥቶ ሰማዩ ታጥቧል። ሜዳው በአደይ አበባ ቢጫ ሆኗል። ጭጋጉ ከዛፎቹ ሥር እየተነሳ ይበተናል። ባሕር ዛፉ ጤዛ ሲነካው የሚሰጠው ሽታ አለ፤ ጉንፋን ሲይዘን እናቶቻችን ቅጠሉን አፍልተው ያጠኑን የነበረው ያ ሽታ። አትሌቶች ሁለት ሦስት እየሆኑ ያልፋሉ፤ ትንፋሻቸው ጭስ ይመስላል። እንጦጦ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር ይበልጣል፤ እኔ ከዳማድ ቆላ የመጣሁት ሃምሳ እርምጃ ሳልራመድ ማለክለክ ጀመርኩ። ቁልቁል ስመለከት አዲስ አበባ ከእግሬ ሥር ተዘርግታለች።

ፓርኩ በ2013 ዓ.ም. ነው የተከፈተው። ከአንድ ሺህ ሄክታር በላይ ይሸፍናል። የእግር መንገድ፣ የብስክሌት መንገድ፣ የፈረስ መጋለቢያ፣ ምግብ ቤት፣ ሁሉም አለው። ወጣቶች ፎቶ ይነሳሉ፣ ሙሽሮች ይመጣሉ። እኔ ግን የገረመኝ ዛፉ ነው።

ታሪኩን ከላይ ልጀምርላችሁ። አጼ ምኒልክ ገና የሸዋ ንጉሥ ሳሉ፣ በ1870ዎቹ አጋማሽ፣ መቀመጫቸውን እዚህ ተራራ ላይ አደረጉ። ለጦር መልካም ቦታ ነው፤ ጠላት ከሩቅ ይታያል። እንጦጦ ማርያምም እዚያው ናት፤ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. ምኒልክ ንጉሠ ነገሥት ተብለው ዘውድ የጫኑባት ቤተ ክርስቲያን። ለኑሮ ግን ተራራው ከባድ ነበር። ብርዱና ንፋሱ አይቻልም፣ ውሃ ይርቃል፣ እንጨቱም እየተቆረጠ አለቀ። እቴጌ ጣይቱ ወደ ፍል ውሃ እየወረዱ ሜዳውን ወደዱትና በ1879 ዓ.ም. እዚያ ቤት አሠሩ። ስሙንም አዲስ አበባ አሉት። ንጉሡ በዚያን ጊዜ በሐረር ዘመቻ ላይ ነበሩ። ቤተ መንግሥቱም መኳንንቱም ሠራዊቱም ቀስ በቀስ ቁልቁል ወረደ።

ታዲያ ሰው ሲወርድ ችግሩም አብሮት ወረደ። በአንድ ጊዜ ይህን ያህል ሕዝብ አንድ ቦታ ሲሰፍር፣ እንጀራ የሚጋገረው በእንጨት፣ ቤት የሚሠራው በእንጨት፣ ብርድ የሚከለከለው በእንጨት ነው። በጥቂት ዓመት ውስጥ በዙሪያው የነበረው ጥድና ወይራ ተመነጠረ። የዱሮ ነገሥታት እንጨት ሲያልቅ ሰፈር ይለውጡ ነበር፤ ምኒልክም ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ አዲስ ዓለም የሚባል ከተማ ማሠራት ጀምረው ነበር። አዲስ አበባ ልትፈርስ ምንም አልቀራትም ማለት ነው። እንዳትፈርስ ካደረጓት ነገሮች ዋነኛው ከውጭ አገር የመጣ አንድ ዛፍ ነው።

ይህ ዛፍ አገሩ አውስትራሊያ ነው። ከአድዋ ጦርነት ጥቂት ቀደም ብሎ ሞንዶን ቪዳዬ የሚባል ፈረንሳዊ እንዳስገባው ይነገራል። ቶሎ ያድጋል፤ በጥቂት ዓመት ለማገዶ ይደርሳል። ቢቆርጡት ከጉቶው እንደገና ያቆጠቁጣል። ንጉሡ ችግኙ እንዲታደል አደረጉ፣ ለሚተክልም የግብር ምሕረት ተሰጠ። ከተማዋ ባለችበት ጸናች። ሕዝቡም ዛፉን ባሕር ዛፍ አለው። ስሙን ልብ በሉት። ባሕር ተሻግሮ የመጣ ማለት ነው። እኛን ምን ይሉናል? እኛስ ቀይ ባሕርን የተሻገርን አይደለንም?

አሁን የሚገርመውን ስሙ። ሃያ ዓመት እንኳ ሳይሞላ፣ በ1905 ዓ.ም. ገደማ፣ ባሕር ዛፍ ምንጩን ያደርቃል፣ መሬቱን ይጎዳል ተብሎ አብዛኛው እንዲነቀል ትእዛዝ ወጣ። ውሃ መምጠጡ እውነት ነው፤ ዛሬም ባለሙያዎች የሚሉት ነው፤ በእንጦጦም አሁን የአገር ዛፍ እየተተከለ ነው። ግን ያን ጊዜ ማን ይንቀለው? ከተማው ሁሉ የሚያበስለው በእሱ፣ የሚጠለለው በእሱ ነበር። ትእዛዙ ወረቀት ላይ ቀረ፣ ዛፉም ተራራውን ሞላው።

እዚያ ቆሜ ይህን ሳስብ 2006 ትዝ አለኝ። ከናንተ መካከል ያን ጊዜ የነበራችሁ ታውቁታላችሁ። በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ወገን ከሳዑዲ ተመለሰ። ብዙው በፌስታል ልብስ ይዞ፣ ደሞዙን ሳይቀበል፣ ዕቃውን ሳይሰበስብ ነው ቦሌ የወረደው። ሥራ ሲኖር ይፈለጋል፣ በዛ ሲባል ይነቀል ይባላል። ከጉቶውም መልሶ ያቆጠቁጣል፤ እነሆ ዛሬም ዳማድ ነን። ይህን የምለው መንገዱን ለማሞገስ አይደለም። የመን በረሃ ላይ ስንቱን እንደቀበርን የምናውቀው እኛ ነን።

ከፓርኩ ወጥቼ በእግሬ ቁልቁል ስወርድ መንገድ ዳር ቆሎና ሻይ የሚሸጡ አንዲት እናት አገኘሁ። ደክሞኝ ስለነበር ድንጋይ ላይ ቁጭ አልኩ።

«ልጄ፣ ጋቢ ለብሰህ በነጠላ ጫማ? ከየት ነው የመጣኸው?» አሉኝ።

«ከዓረብ አገር፣ እማማ።»

«አይ ልጄ! በባሕር ነው የሄድከው?»

«አዎ፣ እማማ። በባሕርም፣ በእግርም።»

ዝም አሉ። ሻዩን ቀዱልኝና ሂሳብ አልቀበልም አሉ። ከዚያ የራሳቸውን ነገሩኝ። ከመንዝ በልጅነታቸው ነው አዲስ አበባ የገቡት። ዘመድም ሥራም ሲጠፋ ጎረቤታቸውን ተከትለው እንጨት ተሸካሚ ሆኑ። ሌሊት ተነስቶ እንጦጦ መውጣት፣ ጭራሮና ቅጠል መልቀም፣ ማሰር፣ አጎንብሶ በጀርባ ተሸክሞ ሽሮ ሜዳ ድረስ መውረድ። «ጥበቃ ከያዘህ እንጨቱም ገመዱም ይቀራል፣ ዱላውም አለ» አሉኝ።

የእንጦጦ እንጨት ተሸካሚዎችን እናንተም ሳታዩዋቸው አትቀሩም። ብዙዎቹ እንደ እኚህ እናት ከገጠር የተሰደዱ ሴቶች ነበሩ። ሸክማቸው 30 እና 40 ኪሎ ይመዝን ነበር፤ ከአንዳንዷ ሴት ክብደት ብዙም የማያንስ። በ1967 የገጠር መሬት በመንግሥት እጅ ሲገባ ደኑም የመንግሥት ሆነ፤ ስለዚህ ለእንጀራ የሚለቀመው ጭራሮ ሌብነት ተባለ። ከተማው ግን በእነሱ እንጨት ነበር እንጀራውን የሚጋግረው። እንጀራውን የሚበላው ሁሉ ያውቃቸዋል፣ ግን አያውቃቸውም።

«ስምዎን ማን ልበል እማማ?» ብዬ ስጠይቃቸው ሳቁ። «ያኔ ስሜን የጠየቀኝ አልነበረም። 'አንቺ እንጨት!' ነበር የሚሉኝ። 'አንቺ እንጨት፣ ስንት ነው?'»

ይህን ሲሉ ሻዩ ጉሮሮዬ ላይ ቆመ። እኛስ እዚህ ማን ነው የምንባለው? «ያ ሐበሺ!» አይደል? ስድስት ዓመት አንድ መዝረዓ ላይ ሠርቶ ከፊሉ ስሙን የማያውቀው ወንድም በመካከላችን አለ።

የእነዚያ ሴቶች ታሪክ ግን እዚህ አላበቃም። በ1980ዎቹ የዓለም የሥራ ድርጅት የሚደግፈው ጥናት ተደርጎ ሴቶቹ ተቆጠሩ፦ ስንት ናቸው፣ ምን ያህል ይሸከማሉ፣ ስንት ልጅ አላቸው፣ ስንት ያገኛሉ ተብለው ተጠየቁ። ከዚያ በኋላ የተወሰኑት ተሰባስበው ማኅበር መሠረቱ። ሸክሙን ትተው ሽመና ተማሩ፣ ነጠላና የአንገት ልብስ እየሠሩ በእንጦጦ መንገድ ላይ ይሸጡ ጀመር። ሁሉም አልዳኑም፤ እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ የሚሸከሙ ነበሩ። ግን ለውጡ ከየት እንደጀመረ አያችሁ? ከመቆጠር፤ ስም መዝገብ ላይ ከመስፈር።

ዕድርም እንዲሁ ነው። ከየአገሩ ወደ አዲስ አበባ የገባ ስደተኛ ዘመድ በሌለበት ከተማ ቢሞት ማን ይቀብረኛል ብሎ ነው ከሰፈሩ ሰው ጋር ዕድር የገባው። የዕድር ዋና ነገሩ ድንኳኑና ብረት ድስቱ ይመስለናል፤ አይደለም። ዋናው የስም መጥሪያው መዝገብ ነው። ጸሐፊው ስምህን ሲጠራ «አቤት» ብለሃል፣ ስለዚህ አለህ። ቀርተህ እንደሆነም ለምን ቀረ ተብሎ ቤትህ ድረስ ሰው ይላካል።

ወዳጆቼ፣ ወደ ራሳችን ልምጣ። ባለፈው ዓመት ያጣነውን ወንድም ታስታውሳላችሁ። አብረውት የሚሠሩት የሚያውቁት በቅጽል ስሙ ብቻ ነበር። ኢቃማ የለውም። ስልኩ ተቆልፏል። የየት ሰው እንደሆነ፣ እናቱ በሕይወት ትኑር አትኑር ሳናውቅ ሦስት ሳምንት በየመንደሩ በስልክ ስንጠይቅ ቆየን። መዋጮው ተሰብስቦ ነበር፤ ገንዘብ አልጎደለንም። የጎደለን ስም ነው። ቤተሰቡን ያገኘነው የአንድ ልጅ አክስት ድምፁን በድሮ መልእክት ሰምታ ስላወቀችው ብቻ ነው። ያን ባናገኝ ኖሮ እናቱ እስከ ዛሬ «ይደውላል» እያለች ትጠብቅ ነበር።

በማኅበራችን መዝገብ የአባልነት መዋጮ የሚከፍለው ብዙ ነው፤ ሙሉ ስሙን፣ ወረዳና ቀበሌውን፣ የአንድ ዘመድ ስልክ ያስመዘገበው ግን ትንሽ ነው። ምክንያቱን አውቃለሁ፤ ወረቀት የሌለው ሰው ስሙ ሲጻፍ ይፈራል። እኔም ፈርቼ ሁለት ዓመት በሐሰት ስም ኖሬአለሁ። ግን መዝገቡ እኛው ዘንድ ነው የሚቀመጠው፣ ከሦስቱ ተጠሪዎች በቀር ማንም አያየውም፣ የሚከፈተውም ሕመም ወይም ሞት ሲመጣ ብቻ ነው። የፈራ ሰው ስሙን በታሸገ ወረቀት ጽፎ ለሚያምነው ተጠሪ ይስጥ። ስትጽፉም በቅጽል ስም ሳይሆን እናታችሁ በምትጠራችሁ ስም ጻፉት።

አገር የምትገቡም ካላችሁ አንድ ነገር ልንገራችሁ። «ምን ይዤ ልግባ» እያላችሁ ስትጨነቁ ከቦሌ ቀጥታ ወደ መናኸሪያ አትሩጡ። አንድ ማለዳ ለራሳችሁ ስጡ። እንጦጦ ውጡ። ያ ደን የተለመደው ነጭ ልብስ የለበሰ ሽርሽረኛ ብቻ የሚሄድበት አይምሰላችሁ፤ እንደ እኛ ያሉ ሰዎች በጀርባቸው ተሸክመውት የኖሩ ደን ነው። መግባት አያሳፍራችሁም።

ስወርድ እኚያ እናት ስማቸውን ነግረውኛል። ሳልጠይቃቸው ግን ጋዜጣ ላይ አላወጣውም። በማስታወሻዬ ላይ ጽፌዋለሁ፤ ለሚቀጥለው ስመለስ በስማቸው እጠራቸዋለሁ። እናንተም ስማችሁን ለማኅበሩ ስጡ። በሰላም ያገናኘን።